የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፦ ከውሳኔው እስከ ማገገሚያው ምን ማድረግ እንደሚገባ

«የዓይን ሞራ አለብዎት፣ በቀዶ ሕክምና መወገድ አለበት» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ምላጩ ነው። ነቅቼ እያለሁ ዓይኔን ሊነኩኝ ነው? ሳላስበው ዓይኔን ባርገበግብስ? ቢያስለኝስ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸው ከታች አለ። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ባብዛኛው ከግማሽ ሰዓት በታች የሚያልቅ የሐኪም ሥራ ነው። የታካሚው ሥራ ደግሞ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው። ውጤቱን ሊያሳምሩም ሊያበላሹም የሚችሉ ብዙ ነገሮች ያሉት እዚያ ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍም ይበልጥ የሚያተኩረው በእነዚያ ሳምንታት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሞራ ምን እንደሆነ እንወቅ። ከብሌኑ ጀርባ ብርሃንን ሰብስቦ በዓይን ውስጥ ከኋላ ወዳለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ማለትም ወደ ሬቲና የሚያደርስ ጥርት ያለ የተፈጥሮ ሌንስ አለ። ሞራ የምንለው የዚህ ሌንስ መደፍረስ ነው። ከዓይን ላይ የሚገፈፍ ቆዳ ስላልሆነ ተፍቆ አይለቅም፤ በጠብታም አይሟሟም። መፍትሔው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከል ነው።

1. ጊዜው መድረሱን ይመዝኑ

«ሞራው እስኪበስል ይጠብቁ» የሚለው ምክር የቆየ ነው፤ በዛሬው የቀዶ ሕክምና ዘዴ መብሰሉን መጠበቅ አያስፈልግም። መለኪያው ኑሮዎ ነው። ማታ ሲያሽከረክሩ የሌላው መኪና መብራት ተበትኖ ዓይንዎን ያጠፋዋል? መነጽር በተደጋጋሚ ቢቀይሩም ማንበብ አልቻሉም? ቀለማት ደብዝዘው ወይም ቢጫ ለብሰው ይታዩዎታል? ደረጃ ሲወርዱ ይፈራሉ? እነዚህ ነገሮች የዕለት ሥራዎን ካወኩ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ካላወኩ ግን ማንም ሊያጣድፍዎ አይገባም፤ ሞራ በአብዛኛው ጊዜ ይሰጣል። ለዓመታት ችላ ማለትም ቢሆን ጥሩ አይደለም። ሌንሱ እየጠጠረ ሲሄድ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ አልፎ አልፎም እጅግ የበሰለ ሞራ የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ አድርጎ ሌላ ጉዳት ያስከትላል።

በዚህ ደረጃ ሐኪሙን አንድ ነገር ሳይጠይቁ አይውጡ፦ «ከሞራው ሌላ እይታዬን የሚቀንስ ነገር አለ?» ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም)፣ በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲና ወይም በዕድሜ የሚመጣ የሬቲና መካከለኛ ክፍል መድከም ካለ፣ ሞራው ቢወጣም እይታው የሚመለሰው እነዚያ በሚፈቅዱት መጠን ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ፋሻው ሲነሳ አይደነግጥም።

2. ስለ ሌንሱ በደንብ ይነጋገሩ

እንደ እኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ያልፈዋል።

የሚተከለው ሌንስ ጉልበት የሚሰላው የዓይንዎን ርዝመትና የፊተኛውን መስታወት መሰል ክፍል፣ ማለትም የኮርኒያን ጉብታ በመለካት ነው። በርዝመቱ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ቢፈጠር በመነጽር ቁጥር ወደ ሦስት ገደማ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ የዓይን ላይ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) የሚያደርጉ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ለስንት ቀን ማውለቅ እንዳለብዎ ይጠይቁ፤ ሌንሱ የኮርኒያን ቅርጽ ስለሚቀይር ልኬቱን ያዛባል። ዓይንዎ የሚደርቅ ከሆነም ይናገሩ። ከዚህ ቀደም መነጽር ለመተው ሲሉ በሌዘር ታክመው ከነበረ ደግሞ ስሌቱ ራሱ የተለየ ነውና ፈጽሞ አይርሱት።

ሰው ሠራሽ ሌንስ የራሱ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ዓይን ያንን ፕላስቲክ ሳይቆጣ ተሸክሞት እንደሚኖር አስተዋለ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። የዛሬዎቹ ሌንሶች ተጣጥፈው በጠባብ ቀዳዳ ገብተው ውስጥ የሚዘረጉ ናቸው። ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ፤ ሲዳሰሱም አይታወቁም።

በብዛት የሚተከለው አንድ ርቀት ብቻ አጥርቶ የሚያሳየው ሌንስ ነው። ሩቁን ከመረጡ ለንባብ መነጽር ያስፈልግዎታል፤ ቅርቡን ከመረጡ ደግሞ ለሩቁ። የኮርኒያን መዛባት ማለትም አስቲግማቲዝምን የሚያርም ሌንስም አለ። ሩቁንም ቅርቡንም ለማሳየት የሚሞክሩ ባለብዙ ትኩረት ሌንሶች አሉ፤ እነዚህ ከመነጽር የመላቀቅ ዕድልን ከፍ ቢያደርጉም፣ ማታ በመብራት ዙሪያ ክብ ጮራ ሊያሳዩና በደብዛዛ ብርሃን ነገሮች እንዳይለዩ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሌሊት የሚያሽከረክር ወይም የሬቲና ችግር ያለበት ሰው ይህን ሌንስ ከመምረጡ በፊት ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል። ባለአንድ ትኩረቱን የመረጠ ሰውም ዝቅ ያለ ነገር እንደደረሰው አያስብ፤ የሚሰጠው እይታ ጥርት ያለ ነው።

ወደ ምርመራው ከመሄድዎ በፊት ቀንዎ የሚያልፈው በየትኛው ርቀት ላይ እንደሆነ በወረቀት ይጻፉ፦ መጽሐፍ፣ ስፌት፣ ኮምፒውተር፣ መንገድ። በተለይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሩቁ የማይታያቸው፣ ነገር ግን መነጽራቸውን አውልቀው በቅርብ የሚያነቡ ሰዎች ይጠንቀቁ። ሌንሱ ለሩቅ ከተስተካከለ ያ ያለ መነጽር የማንበብ ልማድ በአንድ ቀን ይቀራል። ካልተነገራቸው ክፉኛ ያዝናሉ፤ ቀድመው ካሰቡበት ግን ቅርቡን እንዲያስቀርላቸው ሐኪሙን መጠየቅ ይችላሉ።

3. ምንም ሳይደብቁ ይንገሩ

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። ወንዶች ለፕሮስቴት የሚወስዱት ታምሱሎሲን የተባለ መድኃኒት የብሌኑን ዙሪያ ጡንቻ ስለሚያላላ፣ በቀዶ ሕክምናው መሃል ብሌኑ ሊጠብና ሥራውን ሊያስቸግር ይችላል። መድኃኒቱን ካቋረጡት ዓመታት ቢያልፉም ይናገሩ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ የሚዘጋጅበት መንገድ አለው። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ፤ መቋረጡ ከዓይኑ ይልቅ ለልብና ለአንጎል አደገኛ ሊሆን ይችላል።

በጀርባዎ መተኛት የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ የማይተው ሳል ካለብዎ፣ እጅና ራስዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ጆሮዎ በደንብ የማይሰማ ከሆነ ወይም ፊትዎ ሲሸፈን የሚጨንቅዎ ከሆነ እንደ ቀላል ነገር አይለፉት። የዓይን ቆብ ቁስለት ወይም ዓይነ ማዝ ካለ ደግሞ አስቀድሞ መታከም አለበት።

4. ዕለቱን ይዘጋጁበት

ወደ ቤት የሚመልስዎ ሰው ያዘጋጁ፤ በዚያ ቀን ማሽከርከር የለም። ፊትዎንና ጸጉርዎን ታጥበው፣ ኩልም ሆነ ሌላ መዋቢያ ሳይነካዎ ይሂዱ። ስለ ምግብና ስለ ዘወትር መድኃኒትዎ የተሰጠዎትን መመሪያ ይከተሉ። ከመግባትዎ በፊት መጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ።

ስምዎንና የሚሠራው ዓይን የትኛው እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁዎታል። አይሰልቹ፤ ስህተት የሚታገደው በዚህ ነው። «አዎ» ብቻ ከማለት ይልቅ «ቀኝ ዓይኔ ነው» ብለው ሙሉ መልስ ይስጡ።

ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ከተጨመረ በኋላ ዓይኑ ይደነዝዛል። ማደንዘዣው ጠብታ ወይም በዓይኑ ዙሪያ የሚሰጥ መርፌ ሊሆን ይችላል። መርፌው ሲሰጥ ለጥቂት ጊዜ የመገፋት ስሜት አለው፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ለሰዓታት መንቀሳቀሱን ያቆማል። በጠብታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ ብርሃኑ እንዲመለከቱ ይነገርዎታል። ሕፃናትና ጸንተው መተኛት የማይችሉ ሰዎች በሙሉ ማደንዘዣ ሊሠራላቸው ይችላል።

ዓይንዎና ዙሪያው በአዮዲን ይጸዳል፤ ፊትዎ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የዓይን ቆብዎ በትንሽ መሣሪያ ተከፍቶ ይያዛል። ስለዚህ የማርገብገብ ስጋት የለብዎትም፤ ቢፈልጉም አይችሉም። ምላጩን አያዩትም። የሚያዩት ኃይለኛ ብርሃን፣ ቀጥሎም የሚንቀሳቀሱ የቀለም ጥላዎች ነው። የማሽን ድምፅ ይሰማሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጉንጭዎ ወደ ጆሮዎ ሲወርድ ይሰማዎታል፤ ጫና ቢኖርም ስለታም ሕመም መኖር የለበትም። ካመመዎ ይናገሩ፣ ማደንዘዣ ይጨመራል። ሳል ወይም ማስነጠስ ከመጣብዎ በድንገት ከመንቀሳቀስ «ሊያስለኝ ነው» ይበሉ፤ ሐኪሙ መሣሪያውን አውጥቶ ይጠብቅዎታል። ራስ መነቅነቅ ግን ይቅር።

ሐኪሙ በዚያች ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ገብቶ ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ይመጠዋል። ፋኮ የሚባለውን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኬልማን ነው። በጣም የጠጠረ ሞራ ሲሆን ደግሞ ሰፋ ባለ፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ስፌት በሚገጥም ቁርጥ ሌንሱን ሳይሰብሩ ማውጣት የተለመደና ጥሩ ውጤት ያለው ዘዴ ነው። በሁለቱም የሌንሱ ስስ ከረጢት ዓይን ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠውም እዚያው ውስጥ ነው።

5. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጥንቃቄ ያሳልፉ

ፋሻው ሲነሳ ወዲያው ጥርት ብሎ የሚታያቸው አሉ፤ ለቀናት እንደ ጭጋግ የሚሆንባቸውም አሉ። በተለይ ሌንሱ ጠጥሮ ከነበረ ኮርኒያው ያብጥና እስኪሟሽሽ ጊዜ ይወስዳል። አሸዋ የገባበት ዓይነት መቆርቆር፣ ዕንባ፣ መጠነኛ መቅላትና የብርሃን መብዛት ይጠበቃሉ። ነጭና ሰማያዊ ቀለም ድንገት ደምቆ ይታይዎታል፤ የደፈረሰው ሌንስ ሲያስቀር የኖረው ቀለም ነው።

ጠብታው ጀርሞችንና ብግነትን የሚከላከል ስለሆነ ዓይኑ ዳነ ብለው አያቋርጡት፤ ብዙ ጊዜ ለአራት ሳምንታት ያህል፣ መጠኑ እየቀነሰ ይሰጣል። አጨማመሩ እንዲህ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጋደም ይበሉ ወይም ራስዎን ወደ ኋላ ያዘንብሉ። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ አድርገው ኪስ ይፍጠሩ፤ ወደ ላይ እያዩ አንድ ጠብታ እዚያ ኪስ ውስጥ ይጣሉ። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም አይንካ። ከዚያ ዓይንዎን ሳይጨምቁ በቀስታ ይክደኑና አፍንጫዎ ሥር ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጫኑ፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ሳይወርድ ዓይን ውስጥ ይቆያል። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቤተሰብ እንዲያግዝዎ አስቀድመው ያስለምዱ።

ዓይንዎን አይሹ። ለመኝታ የተሰጠዎትን መከለያ አይተዉ፤ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ዓይኑን ሊያሽ ይችላል። ውሃና ሳሙና አይግባበት፣ አቧራ ካለበት ቦታ ይራቁ፣ ከባድ ዕቃ አያንሱ፤ ዋና ለተወሰኑ ሳምንታት ይቅር። ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየትና በእግር መንሸራሸር ግን ዓይኑን አይጎዱትም።

6. ሳይዘገዩ የሚመለሱባቸው ምልክቶች

ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከባሰ፣ እየተሻሻለ የነበረው እይታ መልሶ ከደከመ፣ መቅላቱ ከጨመረ ወይም መግል ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ይሂዱ። በዓይን ውስጥ የሚነሳ ኢንፌክሽን እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን በሰዓታት ልዩነት እይታን ሊያሳጣ ይችላል። የብርሃን ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ደግሞ የሬቲና መላቀቅ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሌሊት ቢሆንም፣ ቀጠሮዎ ነገ ቢሆንም አይጠብቁ።

7. መነጽሩ፣ ሁለተኛው ዓይንና ተመልሶ የሚመጣው ጭጋግ

አዲስ መነጽር ለማሠራት አይቸኩሉ፤ ዓይኑ እስኪረጋጋ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያው የሁለቱ ዓይኖች አለመመጣጠን ደረጃ ላይ ሊያሳስትዎ ስለሚችል ሲወርዱ ድጋፍ ይያዙ። ሁለተኛው ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የመጀመሪያው ሲያገግም ነው።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታዎ እንደገና ቢደበዝዝ ሞራው ተመልሶ በቀለ ማለት አይደለም። በቦታው የቀረው የሌንሱ ከረጢት ጀርባ ደፍርሶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታከመው ያለ ምላጭ፣ ተቀምጠው በሚወስዱት የጥቂት ደቂቃ የሌዘር ሕክምና ነው። ስለዚህ «ተሠርቶልኝም አልዳንኩም» ብለው ቤት አይቀመጡ፤ ሄደው ይታዩ።