መነፅሩ አዲስ፣ ራስ ምታቱም አዲስ? የብሌን ርቀቱን ፈትሹ

እማዬ ከመንዝ ደብረ ብርሃን መጥታ የማንበቢያ መነፅር ካሰራንላት ሳምንት አልሞላም ነበር። ጠዋት ዳዊቷን ትከፍትና ሁለት ገጽ ሳትገፋ መነፅሩን አውልቃ በቅንድቦቿ መሃል በአውራ ጣቷ ታሻለች። «ዓይኔን ይጎትተዋል፣ ፊደሉም መንታ መንታ ይሆንብኛል» አለችኝ። እስቲ አንዱን ዓይንሽን ጨፍኚው አልኳት። ጠራላት።

ይቺን ምልክት ያዙ። ሁለቱም ዓይን ሲከፈት መንታ የሚታይ፣ አንዱ ሲጨፈን የሚጠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፒዲ የሚሉት ነው፤ በአንዱ ብሌን መሃልና በሌላው ብሌን መሃል ያለው ርቀት ማለት ነው። አንዱን ጨፍናችሁም፣ ወይም መነፅሩን አውልቃችሁም መንታ ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ በድንገት ከጀመረ በቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እያንዳንዱ ሌንስ ብርሃን ሳይጎብጥ የሚያልፍበት አንድ ነጥብ አለው። ያ ነጥብ በብሌናችሁ ፊት ካልዋለ ሌንሱ ምስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ዓይናችሁም እየተጎተተ ሊያስተካክለው ቀኑን ሙሉ ይታገላል። ፓወሩ፣ ማለትም የሌንሱ ጥንካሬ፣ ሲጨምር ስህተቱም ይከብዳል፤ 2 ሚሊ ሜትር በደካማ ሌንስ ላይ ላይታወቅ ይችላል፣ በ6 ፓወር ላይ ግን ያስቸግራል።

መነፅሩን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ነጭ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር አስምሩ። መነፅሩን ከወረቀቱ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳይዘም፣ በአንድ ዓይን ከላይ ተመልከቱ። በሌንሱ ውስጥ ያለው መስመር ከውጪው ጋር ተሰብሮ ይታያል። መነፅሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል። እዚያው በማርከር ነጥብ አድርጉ፣ በሌላውም ሌንስ ድገሙት፣ ከዚያ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ለኩ። የእማዬ 65 ሚሊ ሜትር ወጣ። ሲሊንደር ላለው (የዓይን ጉብታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሳይሆን ሲቀር ለሚታዘዘው) ወይም የሩቅና የቅርብ አንድ ላይ ለሆነ ሌንስ ይህ ዘዴ አያስተማምንም፣ መነፅር ቤት በመሣሪያ ያዩላችሁ።

ቀጥሎ የሰውየው ዓይን። ደጃፍ ላይ ብርሃን ባለበት ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ መሃላችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ማስመሪያውን ግንባሩ ላይ ደገፍ አድርጉት። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና የተከፈተውን ግራ ዓይናችሁን እንዲያይ አድርጉ፣ ዜሮውን በቀኝ ዓይኑ ላይ አስተካክሉ። ማስመሪያውን ሳታንቀሳቅሱ ግራችሁን ጨፍኑ፣ ቀኛችሁን ክፈቱና እሱን ይይ፤ አሁን በግራ ዓይኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የእኛ ዓይን ጥቁር ስለሆነ ብሌኑ ከዙሪያው አይለይም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ብሌኑን ተዉት፤ ከቀኙ ዓይን ጥቁር ክብ የውጪ ጠርዝ እስከ ግራው ጥቁር ክብ የአፍንጫ በኩል ጠርዝ ለኩ፣ ውጤቱ ያው ነው።

ቁጥሩ በየጊዜው ከተለያየባችሁ ወይ ማስመሪያው ተንሸራቷል፣ ወይ ሁለት ዓይናችሁን ከፍታችሁ እያያችሁ ነው። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ውስጥ ነው፣ ወደ 63 ገደማ ይበዛል። የእማዬ 60 ሆነ። ይሄ የሩቅ ነው፤ ለማንበቢያ 3 ያህል ይቀነሳል፣ ምክንያቱም ቅርብ ስናይ ዓይናችን ወደ አፍንጫ ይሰበሰባል። 57 የሚገባት ሴት 65 አድርጋ ነበር የምታነበው። ሳይለኳት መሆኑን አውቃለሁ፣ አብሬያት ነበርኩና። ቁጥሩን ጽፌ መለስኩት፣ ሌንሱም ተቀየረ።

መሬቱ ከፍ ዝቅ የሚልባችሁ፣ ደረጃ የሚርቅባችሁ ከሆነስ? ፒዲ ላይሆን ይችላል፣ አዲስ ፓወር እስኪለመድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። መነፅሩ አፍንጫ ላይ እየወረደ ከሆነ ደግሞ ማስያዣውን ማስተካከል ይበቃል። አፍንጫችሁ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ወይም የሩቅና የቅርብ አንድ ላይ ያለው ሌንስ ከሆነ፣ ከአፍንጫ መሃል እስከ እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ አስለኩ። ለልጆች የዓምናውን ቁጥር አትጠቀሙ፣ ፊታቸው ያድጋል። ለምርመራ ስትሄዱም ፒዲውን ማዘዣው ላይ ይጻፉልኝ በሉ፣ ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሰጧችኋል።