ባሕታዊ ሸርጣን በጅማ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

የአጎቴ ልጅ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለልጆቼ ብሎ ሦስት ባሕታዊ ሸርጣኖች በካርቶን ይዞልን መጣ። ለስላሳ ሆዳቸውን በባዶ ዛጎል ውስጥ ሸሽገው፣ ቤታቸውን በጀርባቸው ተሸክመው የሚዞሩ የባሕር ዳር ፍጥረታት ናቸው። አንዱን እኔው ገደልኩት፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ አሉ።

እኛ ሰው ሲከሳም በግ ሲደክምም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን በላ?» ብለን ነው። ለሸርጣን ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ጅማ ውስጥ ሸርጣን የሚጎዳው ከምግቡ ይልቅ በአየሩ ነው።

ዛጎሉ ውስጥ ተሸጉጦ አይወጣም

ቀን መተኛቱ አያስደንግጣችሁ፤ የሌሊት እንስሳ ነው። የሚያሳስበው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም፣ ቤቱ ጭር ብሎ መብራት ከጠፋም በኋላ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው። ይህ እንስሳ የለመደው የባሕር ጠረፍ ሙቀት ነው፤ ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ቢሞቅም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቀዋል። ሸርጣኑ የሚፈልገው ቀንም ሌሊትም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ካገኛችሁ ከመስታወት ሣጥኑ ውጭ፣ በጀርባው በኩል፣ ከአሸዋው ከፍታ በላይ ለጥፉት። ከሥር አታንጥፉት፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረውን ይጠብሰዋል። መብራት በጠፋ ሌሊት የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ እጠቀልልና ሣጥኑ ውስጥ አንዱ ጥግ አስቀምጣለሁ፤ ሣጥኑን ራሱን በአሮጌ ጋቢ እሸፍነዋለሁ። ማሞቂያው እየሠራ ግን ጋቢ አታልብሱት፤ እሳት ያስነሣል። ፀሐይ ላይ ማውጣትም አይሆንም፤ በመስታወት ውስጥ ፀሐይ ምድጃ ትሆናለች።

ውኃ ሳህን ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ አንቴናው ሲንቀሳቀስ ይዘገያል

አየሩ ደርቆበታል። ባሕታዊ ሸርጣን የብስ ላይ ቢኖርም የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው፤ ስንጥቡ የሚሠራው ደግሞ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። በደረቅ አየር ውስጥ ቀስ በቀስ ይታፈናል፤ ቀናት ስለሚወስድ ባለቤቱ «ሰነፈ» ይላል እንጂ ታፈነ አይልም።

«ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም፤ እርጥበት ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ነበር። በበጋ፣ በተለይ ማሞቂያ ሲጨመርበት፣ የሣጥኑ አየር እንደ ብቅል ይደርቃል። የሚያስፈልገው ከ75 እስከ 85 በመቶ እርጥበት ነው። የሽቦ ወንፊት ክዳን አንሡና በመስታወት ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ክደኑት፤ ትንሽ ክፍተት ይበቃዋል። እርጥብ ስፖንጅም ጥግ ላይ አኑሩ።

እርጥበቱን ለመለካት የጫጩት መፈልፈያ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበትን ትንሽ መሣሪያ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ሳትፈትኑት አትመኑት። በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርጉ፣ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበትና ገንፎ ሲመስል ከመለኪያው ጋር በላስቲክ ከረጢት አሽጉት። በማግስቱ ሲታይ 75 በመቶ ማለት አለበት። የእኔው 64 አለኝ፤ ስለዚህ በሚያሳየኝ ላይ 11 እጨምራለሁ።

በክረምት ነገሩ ይገለበጣል፦ መስታወቱ ያልበዋል፣ ከአሸዋው ሥር ውኃ ያቁራል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ ውኃ መርጨት አቁሙ፤ የሸተተውን አሸዋ ቀይሩት።

አሸዋ ውስጥ ገብቶ ጠፋ

ይህ በሽታ አይደለም። ሸርጣን የሚያድገው የውጭ ቅርፊቱን ጥሎ ነው፤ ለዚያም ራሱን ይቀብራል። ከመግባቱ በፊት አብዝቶ ይጠጣል፣ ይቆፍራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ትንሹ ለሳምንታት፣ ትልቁ ለሁለትና ለሦስት ወር ሊቆይ ይችላል።

ያንን አንዱን የገደልኩት እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት «ታፍኖ ይሆናል» ብዬ በሾርባ ማንኪያ ቆፍሬ አወጣሁት። ገርጥቶ፣ እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር፤ እግሮቹ አልቆሙለትም። በማግስቱ ሞተ።

መፍትሔው እጅን መሰብሰብ ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ቀድሞ አሸዋውን ማዘጋጀት ነው፦ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፤ ሸርጣኑ ትልቅ ከሆነ የቁመቱን ሦስት እጥፍ። አምስት እጅ የታጠበ አሸዋና አንድ እጅ የተፈጨ የኮኮናት ገለባ ይቀላቀላል። ሲጨበጥ ቅርፁን የሚይዝ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። የቡና ገለባ ልጠቀም የሚል እዚህ ከተማ አይጠፋም፤ ይሻግታል፣ ተዉት። አሸዋውንም ከአዌቱ ወንዝ ዳር አትዛቁ፤ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል። የገባበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉ፤ ትዕግሥት ሲያልቅ ያግዛል።

አንዳንዴ ላይ ላዩን ሆኖ ቅርፊቱን ይጥላል። አንድ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ከዛጎሉ አጠገብ ሙሉ ሸርጣን ተዘርግቶ አየሁ፤ እግሩ፣ ጥፍሩ፣ አንቴናው ሁሉ አለ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። በመፋቂያ ጫፍ ብነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለለኝ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው ውስጡ ባዶ ነው። ባለቤቱ ዛጎሉ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ያንን ቅርፊት አትጣሉት፤ ካልሲየሙን መልሶ ለማግኘት ራሱ ይበላዋል። ሌላው ሸርጣን እንዳያጠቃው ግን ታችና ላዩ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ አጥር አቁሙበት።

ዛጎሉን ጥሎ ራቁቱን ወጣ

ይህ አጣዳፊ ነው። ወይ ዛጎሉ ጠቦታል፣ ወይ ውስጡ የሚቆረቁር ነገር ገብቷል፣ ወይም ሙቀት በዝቶበታል። በኃይል መልሳችሁ አትክተቱት። በጎድጓዳ ስኒ በባሕር ጨው የተበጠበጠ ጥቂት ውኃ አድርጉ፣ ሸርጣኑንና በዚያው ውኃ የታጠበ ዛጎል አስገቡ፣ በጨርቅ ጋርዳችሁ ተዉት። ለእያንዳንዱ ሸርጣን ሦስት አራት ትርፍ ዛጎል ይኑር፤ አፋቸው ክብ የሆነ፣ በመጠን ከፍ ከፍ የሚሉ፣ ተቀቅለው የቀዘቀዙ። ቀለም የተቀቡትን አትግዙ፤ ቀለሙ ሲላጥ ይበሉታል። ከጓሮ የሚለቀመው የቀንድ አውጣ ዛጎል ስስ ቢሆንም ለጊዜው ያስጠልላል።

እግር መጣል ጀመረ

ብርድና ድርቀት ከሌለ መርዝ ጠርጥሩ። ለወባ ትንኝ የሚረጨው መድኃኒት ሸርጣንንም አይምርም፤ ቤት ሲረጭ ሣጥኑን ወደ ሌላ ቤት አሻግሩት። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይስማማውም። የወደቀው እግር ቅርፊት ሲቀየር መልሶ ይበቅላል።

ውኃም እዚሁ ይነሣል። ሁለት ሳህን ያስፈልጋል፦ አንዱ ጨው የሌለበት፣ አንዱ የባሕር ጨው ያለበት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቀው በሰፊ ዕቃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ክፍቱን ይደር። የወጥ ጨው አይሠራም፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ያሉት ሌሎች ማዕድናት ይጎድሉታል። የዓሣ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ያለውን የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም እበጠብጣለሁ። ሳህኖቹ የመዳብ አይሁኑ፤ መዳብ ይመርዘዋል።

አይበላም

ከላይ ያሉት ሁሉ ተስተካክለው ካልበላ ዓይነት ቀይሩለት። ያልተቀመመ ዓሣ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ይወዳል። የጅማ ማር በጣት ጫፍ ያህል ስሰጠው የማይወጣ ሸርጣን አላየሁም፤ ግን በሳምንት አንዴ ነው። የተረፈውን ጠዋት አንሡ፤ ሻጋታና ጥቃቅን ተባይ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ሞቷል ወይስ አልሞተም?

አሽትቱት። የሞተ ሸርጣን በሁለት ቀን ውስጥ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ካልሸተተ ወደ ቦታው መልሱትና ክዳኑን ዝጉ።