የማያባራውን የማዘመኛ ማሳሰቢያ ዝም ያሰኘሁበት መንገድ

ዊንዶውስ 11 በተጫነበት ኮምፒውተሬ ላይ አንድ የሰነድ ማንበቢያ ፕሮግራም «አዲስ ስሪት ደርሷል» እያለ መፈናፈኛ አሳጥቶኝ ነበር። መስኮቱ ያሉት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ «አሁን አዘምን» እና «በኋላ አስታውሰኝ»። «አልፈልግም» ማለት አይቻልም! በጽሑፍ መካከል ብቅ ሲል ደግሞ የምተይበው ፊደል ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ያኔ የኢንተር ቁልፍን መጫን ማለት ሳይፈልጉ እሺ ማለት ነው።

ከፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ማሳሰቢያውን አጠፋሁት፤ ተመልሶ መጣ። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሳለም መምጣቱ ግን ፍንጭ ሰጠኝ፤ ለካ የሚነዘንዘኝ ለብቻው የሚሠራ አዘማኝ ኖሯል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትሁ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡት ከተዘረዘሩበት ስታርትአፕ ከሚለው ገጽም አገድሁት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጸጥ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ያው መስኮት መጣ።

ዋናው መደበቂያው ታስክ ስኬጁለር፣ ማለትም ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ጊዜ በራሱ የሚያስነሣው የዊንዶውስ መሣሪያ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የፕሮግራሙን ስም የያዘ ሥራ አለ፤ ትሪገርስ የሚለውን ስከፍት በየቀኑ እንዲነሣ መታዘዙን አየሁ። በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጌ ዲስኤብል የሚለውን መረጥሁ። አልሰረዝሁትም፤ ካስፈለገ መልሼ አስነሣዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

ማዘመኑን ግን አልተውሁም፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በእርሱ ነውና ሥራ ሲቀዘቅዝ «እገዛ» ከሚለው ዝርዝር ራሴ እፈትሻለሁ። የዊንዶውስን የራሱን ማሻሻያ ግን እንዲህ ማገድ አልመክርም። እዚያ አክቲቭ አወርስ የሚባል ቅንብር አለ፤ በቀን ውስጥ እስከ 18 ሰዓት ለሚረዝም፣ እርስዎ ለመረጡት ጊዜ ኮምፒውተሩ ለማሻሻያ ብሎ በራሱ ጠፍቶ እንዳይነሣ ያደርጋል።