ፕሮሰሰሩ ጋለ ብለው አዲስ ኩለር ከመግዛትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በገዛ እጅዎ የገጣጠሙት ዴስክቶፕ መጀመሪያ ሲበራ ደስታው ልዩ ነው። ከዚያ የሙቀቱን ቁጥር ያያሉ። 92፣ 95፣ 98። ልብ ድንግጥ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ትልቅ ኩለር (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ) ሊገዛ ነው። እባክዎ አይቸኩሉ። እኔ ካየኋቸው የጋሉ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ችግራቸው የኩለሩ አቅም አልነበረም። አገጣጠሙ ወይም የባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ቅንብር ነበር።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥ

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ የሙቀት ጣሪያ አለው። የኤኤምዲው ራይዘን 7 5800ኤክስ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 89 ነው። ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ያሉት የኢንቴል ኮር ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ባብዛኛው 100 ናቸው። እንደ ራይዘን 9 7950ኤክስ ያሉት ደግሞ በሙሉ አቅም ሲሠሩ ሆን ብለው እስከ 95 ይወጡና እዚያው ይቆያሉ። የተሠሩት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ያው 90 ዲግሪ ለአንዱ ጣሪያው ነው፣ ለሌላው በከባድ ሥራ ላይ የሚጠበቅ ነው። ሊያሳስብዎ የሚገባው ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ 70 ከሆነ፣ በቀላል ሥራ ፍጥነቱን እየቀነሰ ከሆነ ወይም በድንገት ከጠፋ በእርግጥ ችግር አለ። ምንም ሳይሠራ የሚግል ከሆነ ግን አስቀድመው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። አንዳንዴ እርስዎ ሳያውቁት ከጀርባ የሚሮጥ ፕሮግራም ይገኛል።

ሙቀቱ እንዴት እንደሚወጣ አለማየት

ከሁሉም ስህተት የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚሁ ነው። እንደ ኤችደብሊው ኢንፎ ያለ ሙቀትና ዋት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። እንደ ሲኒቤንች ያለ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅም የሚያሠራ የሙከራ ፕሮግራም ያስጀምሩና ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ይከታተሉ። አንዱ ሙቀቱ ነው፣ ሌላው ፕሮሰሰሩ የሚበላው ዋት።

ሥራው በጀመረ በአንድ ሁለት ሰከንድ ከ40 ወደ 95 ቢዘል፣ ዋቱ ግን 60 ወይም 70 ብቻ ቢሆን፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ እያለፈ አይደለም። ጥርጣሬዎ ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ቅባት) እና የኩለሩ ብሎኖች ላይ ይሁን። ዋቱ 250 ደርሶ ከጋለ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱ ብዙ ኃይል እየበላ ነው፤ መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ነው። ቀስ እያለ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ግን በኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ውስጥ አየር አይንቀሳቀስም ወይም አቧራ ዘግቷል ማለት ነው።

ይህን የመጨረሻውን ለማረጋገጥ የኬዙን የጎን ሽፋን አውልቀው ሙከራውን ይድገሙት። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ የአየር ዝውውር ነው። ካልተለወጠ ኬዙን ይተዉት። ሙከራው አንድ ሳንቲም አያስወጣዎትም።

የኩለሩን ላስቲክ ሳያነሱ መግጠም

ብዙ ኩለሮች ፕሮሰሰሩን የሚነካው ፊታቸው ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ። ለወንድሜ በገጣጠምኩት ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ባዮስ ስነካካ ቆይቻለሁ። ላስቲኩን አንስቼ መልሼ ስገጥመው ሙቀቱ ወዲያው ወረደ።

ፔስቱን እንደ ተጨማሪ ነገር ማየት

የፕሮሰሰሩም የኩለሩም ፊት ለስላሳ ቢመስልም በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች አሉት። እዚያ የሚቀረው አየር ሙቀት አያሳልፍም። የተርማል ፔስት ሥራ ያንን ቀዳዳ መሙላት ነው። ለተለመደው ፕሮሰሰር መሃሉ ላይ አንድ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። ትንሽ ቢበዛ ተጭኖ ይወጣል፤ ማነሱ ነው የሚጎዳው።

ኩለሩን ባነሱ ቁጥር አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው አዲስ ይቀቡ። አንዴ የተላቀቀ ፔስት አየር ይዞ ነው የሚመለስ። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ደግሞ የአሉሚኒየም ፊት ባለው ኩለር ላይ በፍጹም አይጠቀሙ። ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ኩለሩን ሲያነሱ እንዳይጎትቱት። በተለይ ኤኤም4 በሚባለው የራይዘን ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት) ላይ ፕሮሰሰሩ ከነፒኖቹ ተጣብቆ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሠርተው ፔስቱ ይሙቅ። ከዚያ አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ ኩለሩን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞሩ ያላቁት።

አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ ማጥበቅ

አንዱን ጥግ ጨርሰው ካጠበቁ ሌላው ጥግ ይነሳል። በአንዱ ሁለት ዙር፣ ከዚያ በሰያፍ ባለው ሁለት ዙር፣ እንዲህ እያፈራረቁ ይሂዱ። በአራት የፕላስቲክ እግር የሚገጠም ኩለር ከሆነ ማዘርቦርዱን ከጀርባ ይዩት። አራቱም እግሮች በደንብ አልፈው መውጣት አለባቸው። አንዷ ሳትገባ ቀርታ ሰው ለወራት ሲቸገር አይቻለሁ።

የፋንና የፓምፕ ነገር

ፋን አየር የሚያወጣው ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ ክንዶች ባሉበት በኩል ነው። ከፊት ይግባ፣ ከኋላና ከላይ ይውጣ። በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፓምፑ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ መዞሩን ባዮስ ላይ ያረጋግጡ። ፓምፑም ከራዲያተሩ (ውኃው ከሚቀዘቅዝበት ክፍል) የላይኛው ጫፍ በላይ አይሁን፤ አየር ፓምፑ ውስጥ ይሰበሰባል።

ባዮሱን እንደመጣ መተው

የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ የኃይል ጣሪያው 253 ዋት ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ግን ይህን ገደብ አንስተው ነበር የሚመጡት። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ሲበሩ የኩለርዎን ዓይነት ይጠይቃሉ፤ «የውኃ» ካሉ ገደቡ ይነሳል። ባዮስ ገብተው ወደ ኢንቴል ቁጥር ይመልሱት። የኢንቴል የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ካለዎት ባዮሱን ዛሬውኑ ያድሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማስተካከያ ፕሮሰሰሩን ቀስ በቀስ የሚጎዳውን ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ነው። የደረሰ ጉዳት ደግሞ አይመለስም።

በራይዘን በኩል ኢኮ ሞድ የሚባል ኃይል የሚቀንስ የባዮስ ቅንብር አለ። 170 ዋት የተባለውን 7950ኤክስ ወደ 105 ወይም 65 ያወርደዋል። ጌም ለሚጫወት ሰው የሚቀነሰው ፍጥነት ብዙም አይሰማም፣ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። እኔ ለአብዛኛው ሰው ይህንን ነው የምመክረው።

አቧራውን በግድየለሽነት መንፋት

ሲያጸዱ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት። በአየር ግፊት ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል።

እዚህ ድረስ ሁሉንም አይተው፣ ሽፋኑ ተከፍቶም፣ ዋቱ ተስተካክሎም፣ ፔስቱ ተቀይሮም ፕሮሰሰሩ አሁንም ጣሪያውን እየነካ ፍጥነት ከቀነሰ ያኔ በእርግጥ ኩለሩ አንሶታል። ሊገዙ ሲሄዱ በሙከራው ላይ ያዩትን ዋት ይዘው ይሂዱ፤ ምን ያህል ኩለር እንደሚያስፈልግዎ የሚነግርዎት እሱ ነው።