ካሮት ኬክ ድሬዳዋና ሐረር ላይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሮት ኬክ ለጀማሪ የሚቀል ኬክ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። የእንቁላል ነጭ ለብቻ መምታት የለም፣ ቅቤና ስኳር እስኪነጣ ማሸት የለም። ሆኖም ድሬዳዋና ሐረር ላይ ብዙ ጊዜ ወይ መሃሉ ይሰምጣል፣ ወይ በማግስቱ ይደርቃል፣ ወይ ክሬሙ በጎኑ ይወርዳል። አብዛኛው የኬክ አሠራር የተጻፈው የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ለሆነ፣ እንቁላሉ ትልቅ ለሆነና ከባሕር ጠለል ብዙም ለማይርቅ ኩሽና ነው። ይህን በግልጽ አይናገርም፤ ልኩ ሁሉ ግን በዚያ ላይ የቆመ ነው።

እዚህ የምንጠቀምበት ልክ ለድሬዳዋ የተስተካከለ ሲሆን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላቸው ሁለት ክብ ፓትራዎች ይበቃል፦ ፉርኖ ዱቄት 250 ግራም፣ ስኳር 220 ግራም (ግማሹ ቡናማ ቢሆን ይመረጣል)፣ የሱፍ ዘይት 180 ሚሊ ሊትር፣ ከቅርፊቱ የወጣ እንቁላል 200 ግራም፣ የተፈቀፈቀ ካሮት 300 ግራም፣ እርጎ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ቀረፋ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ደረቅ ዝንጅብል ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ 80 ግራም። ለሐረር የሚቀየረውን ወረድ ብለን እናያለን።

ዱቄቱን በብርጭቆ፣ እንቁላሉን በቁጥር መስፈር

ያው ብርጭቆ በማንኪያ ቀስ ብሎ ሲሞላና ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ አንድ ዓይነት ክብደት አይዝም። በ240 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ የመጀመሪያው 125 ግራም ገደማ ሲሆን ሁለተኛው 150 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል። በሁለት መስፈሪያ ልዩነቱ 50 ግራም ይደርሳል፤ ኬኩ ደረቀ ተብሎ ዘይት የሚጨመርበት አብዛኛው ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ከማንኛውም ውድ ሚክሰር ይበልጥ ይጠቅማል።

እንቁላልም እንደዚያው ነው። «4 እንቁላል» የሚለው መመሪያ የሚያስበው ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም የሚመዝነውን ነው፤ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል እዚያው አካባቢ ይመዝናል። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ 200 ግራም ለመሙላት እንደ መጠኑ 5 ወይም 6 ያስፈልጋል። አራቱን ብቻ የጨመረ ሰው ኬኩ ሲቆረጥ የሚፈረፈርበት ለዚህ ነው። እንቁላሎቹን ሰብረው ይመዝኑ፤ መጨረሻው ከበዛ መትተው የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ያፍሱ።

የጠወለገ ካሮት መግዛት፣ የፈቀፈቁትን መጭመቅ

በዚህ ኬክ ውስጥ ውሃው የሚመጣው ከካሮቱ ነው፤ ከክብደቱ 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነውና። ከሐረማያና ከምሥራቅ ሐረርጌዋ ኮምቦልቻ የሚመጣው ካሮት ጠዋት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወይም ሐረር ሸዋ በር ገበያ ሲደርስ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ላይ የዋለው ግን ከሰዓት በኋላ መተጣጠፍ ይጀምራል። የሚተጣጠፍ ካሮት ውሃውን ጨርሷል፤ ለወጥ ይሆናል፣ ለኬክ ግን አይግዙት። ከሁሉ ትልቁንም አይምረጡ። ሲቆርጡት መሃሉ ነጣ ብሎ እንጨት የመሰለ ከሆነ ያንን አውጥተው ይጣሉት፤ ቢጋገርም አይለሰልስም።

የሚፈቀፈቀው በመፈቅፈቂያው መካከለኛ ቀዳዳ ነው። በትልቁ ከተፈቀፈቀ ክሩ ጥርስ ላይ ይቀራል፣ ቢላዋም ኬኩን ይቀድደዋል። በጣም ደቅቆ ገንፎ ከሆነ ደግሞ ውሃው በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሊጡን ያቀጥናል። ከጁስ መጭመቂያ የተረፈውን ገለባ የሚጠቀሙም አሉ፤ የሚፈለገው ውሃ ሄዷልና አይሆንም። ካሮቱን የሚያጥቡት ከመፈቅፈቅዎ በፊት ነው። ከተፈቀፈቀ በኋላ አይታጠብም፣ አይጨመቅም፣ ከስኳር ጋር ተቀላቅሎም አይቀመጥም፤ ስኳሩ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። ዱቄቱና እንቁላሉ ከተዘጋጁ በኋላ ይፈቅፍቁና ወዲያው ይጨምሩ።

ንጥር ቅቤ ወይም የሚረጋ ዘይት መጠቀም

ንጥር ቅቤ ጥሩ ነገር ነው፤ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ግን ቀረፋውን ይውጠዋል። ከዚያም በላይ የሚቀባው ክሬም ክሪም ቺዝ (ለስላሳ የፈረንጅ አይብ) ስላለበት ኬኩ ፍሪጅ መግባቱ አይቀርም፤ እዚያ ሲገባ ቅቤው ይረጋል፣ ኬኩም ይጠነክራል። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ያንኑ ያደርጋል፤ ድሬዳዋ መደርደሪያ ላይ ፈሳሽ መስሎ ቢታይም ፍሪጅ ውስጥ ይጠጥራል። የሱፍ ዘይት ብርድ ላይም ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ ኬኩ ከፍሪጅ ወጥቶ እንኳ ለስላሳ ነው።

በላስቲክ የተቋጠረ ቤኪንግ ፓውደርና የሶዳ ብዛት

ተፈትቶ በትንሽ ላስቲክ የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ስቦ ኃይሉን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ላይ ይበትኑ፤ ወዲያው በኃይል ካልፈላ አይጠቀሙበት።

ሶዳ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ይነፋልኛል» ተብሎ ይበዛል። ሶዳ የሚሠራው ከጎምዛዛ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። እርጎው የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ ቡናማ ስኳርም በጥቂቱ ያግዛል። ጎምዛዛው ካነሰ የተረፈው ሶዳ ሳሙና ሳሙና ይላል። ኬኩ ሲቆረጥ ካሮቱ ዙሪያ አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚታይበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ካሮት ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ሶዳ ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሻጋታ አይደለም፣ አይጎዳም፤ ግን እንግዳ ፊት አይቀርብም።

የድሬዳዋውን ልክ እንዳለ ሐረር መጋገር

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ለኬክ ግን ሌላ አገር ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል። ዱቄቱና እንቁላሉ ገና ሳይጠነክሩ ኬኩ ፈጥኖ ይነሳል፣ የሚይዘው ሲያጣ መሃሉ ይወርዳል። ውሃም ድሬዳዋ ላይ 96 ዲግሪ፣ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከሊጡ ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲተን የሚቀረው ስኳር ይበረታል፤ የበረታ ስኳር ደግሞ ኬኩ እንዳይቆም ያደርጋል።

ስለዚህ ሐረር ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ያውርዱ፣ ከሶዳው ጥቂት ይቀንሱ፣ ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ያንሱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና 1 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨምሩ። ድሬዳዋ ላይ 175 ዲግሪ የነበረውን ኦቨን 185 ያድርጉት፤ ሊጡ ጋዙ ሳያመልጠው እንዲጠነክር ነው። የሐረርን ልክ ይዞ ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድም የተገላቢጦሹ ይሠራል። መሃሉ ሲሰምጥ ብዙ ሰው ቤኪንግ ፓውደር አነሰ ብሎ ይጨምርበታል፤ ይህ ችግሩን የሚያብስ መፍትሔ ነው።

ሊጡን አብዝቶ ማማሰል

እንቁላሉን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱንና እርጎውን ለ2 ደቂቃ ያህል ይምቱ። ደረቁን ሁሉ በወንፊት ነፍተው ካስገቡ በኋላ ግን ሚክሰሩን ያስቀምጡና በእንጨት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ ይገልብጡ። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሊያቆም ሲል ካሮቱንና ኦቾሎኒውን ጨምረው ጥቂት ጊዜ ብቻ ገልብጠው ያቁሙ። ፉርኖ ዱቄት ለዳቦ የሚሆን ስለሆነ ሲማሰል ይለጠጣል፣ ኬኩም እንደ ዳቦ የሚታኘክ ይሆናል። ዱቄቱ ጠንካራ መስሎ ከታየዎ 30 ግራሙን አንስተው በኮርን ስታርች ይተኩት።

ኦቾሎኒ ካልን የባቢሌው ቅርብ ነው፤ ውድ ለውዝ ከሱፐርማርኬት መፈለግ አያስፈልግም። ግን ጥሬውን አይጨምሩ፤ ሊጡ ውስጥ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ይለሰልሳል። ቆልተው ገለፈቱን አሽተው ያራግፉና በትልቁ ይከትክቱት።

የኦቨኑን ቁልፍ ማመን

በቤት ያሉ ኦቨኖች ቁልፋቸው ላይ የተጻፈውና ውስጣቸው ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ውስጥ የሚቀመጥ የኦቨን ቴርሞሜትር ካገኙ ይግዙ። ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አስቀድመው ያሙቁት፤ ከታች የሚያሳርር ከሆነ ከፓትራው ሥር ባዶ የመጋገሪያ ትሪ ያስገቡ። የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች በሩን አይክፈቱ። ከ30 ደቂቃ ጀምሮ መሃሉን በስቴኪኒ ይውጉ፤ ጥቂት ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በስሏል፣ እርጥብ ሊጥ ከያዘ 4 ደቂቃ ይጨምሩ። ስቴኪኒው ፍጹም ደርቆ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ኬኩን አድርቆታል፤ ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላልና።

ኦቨን ከሌለ ወፍራም ድስት ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ጨው አንጥፈው፣ ማስቀመጫ አድርገውበት፣ ለ15 ደቂቃ ካሞቁ በኋላ ፓትራውን ያስገቡ። ክዳኑን በፎጣ ይጠቅልሉ፣ ጫፉን ወደ ላይ ይሰሩት፤ አለዚያ ላቡ ኬኩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ፎጣውም እሳት ይነካል። በመለስተኛ እሳት ጊዜው ይረዝማል፤ አንዱን ፓትራ ጨርሰው ሁለተኛውን ይጋግሩ።

«በክፍል ሙቀት» የሚለውን ቃል በቃል መውሰድ

ክሬሙን የሚያበላሸው ይኸ ሐረግ ነው። መመሪያው ቅቤውና ክሪም ቺዙ በክፍል ሙቀት ይቆዩ ሲል 18 ወይም 20 ዲግሪ ማለቱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ በዚያ ሙቀት የተቀመጠ ቅቤ ይቀልጣል። የቀለጠ ቅቤ አየር አይይዝም፤ ቢመቱት ሾርባ ይሆናል። የገበታ ቅቤውን ከፍሪጅ ካወጡ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጣት ሲጫነው ምልክት ይዞ ግን ሳይወዛ ሲቀር ደርሷል። ክሪም ቺዙ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆይ።

ልኩ ክሪም ቺዝ 225 ግራም፣ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 100 ግራም፣ ፓውደር ሹገር 180 ግራም፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሻይ ማንኪያ ነው። በመጀመሪያ ቅቤውንና ስኳሩን ለ3 ደቂቃ ይምቱ። ክሪም ቺዙን በመጨረሻ በሦስት ከፍለው ጨምረው እስኪዋሃድ ብቻ ይምቱት፤ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ሳህኑን በረዶ ያለበት ውሃ ላይ ቢያስቀምጡት ጥሩ ነው። ክሬሙ ሲቀጥን ስኳር መጨመር ደግሞ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ስኳር ከክሪም ቺዙ ውሃ ስቦ ስለሚያወጣ ይበልጥ ያቀጥነዋል። ይልቅ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ያስገቡትና በማንኪያ ይገልብጡት።

ፓውደር ሹገር ከሌለ ተራ ስኳር በደረቅ ብሌንደር ፈጭተው በእያንዳንዱ 200 ግራም ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች ጨምረው ይንፉት።

ክሪም ቺዝ ሲጠፋ አይብ መተካት

አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ፣ ያውም በእሳት ነው። ስቡ ሄዷል፣ ፕሮቲኑ በሙቀት ጠንክሯል፤ ብሌንደር ቢፈጨውም አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቆይቶም ውሃ ይተፋል። በሦስት ማዕዘን ታሽጎ የሚሸጠው ቺዝም ጨው ይበዛዋል። የሚሻለው ያልተናጠ ወፍራም የላም እርጎ ነው፦ 1 ኪሎውን በድርብ ሻሽ ቋጥረው ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠልጥሉት፤ ጠዋት 400 ግራም ገደማ ወፍራም ነገር ያገኛሉ። ከክሪም ቺዝ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ቅቤውን 130 ግራም ያድርጉት። እርጎው በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የረጋ ከሆነ ጭሱ ኬኩ ላይ ይታወቃል፤ በፕላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ የረጋውን ይግዙ። የግመል ወተት በአካባቢው ቢበዛም በቀላሉ አይረጋምና ለዚህ አይሆንም።

ሳይበርድ መቀባት፣ ከተቀባም በኋላ ውጭ መተው

ኬኩ ከኦቨን ወጥቶ ፓትራው ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ሽቦ ላይ ይገልበጥ። ከዚያ በላይ ፓትራው ውስጥ ከቆየ ሥሩ በላቡ ይረጥባል። ሐረር ላይ በ2 ሰዓት ይበርዳል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ክፍሉ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ኬኩ የበረደ መስሎ 33 ዲግሪ ላይ ይቆማል፣ ያ ደግሞ ቅቤ ለማቅለጥ ይበቃል። ስለዚህ ለብ ሲል በላስቲክ ጠቅልለው ቢያንስ ለ1 ሰዓት ፍሪጅ ያስገቡት። ከሁሉ የሚቀለው ማታ ጋግሮ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ መቀባት ነው።

የተቀባ ኬክ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ክሪም ቺዝ የወተት ነገር ነውና ይበላሻል። ለልደት ወይም ለምርቃት ከሆነ ሻማውና ቢላዋው ከተዘጋጁ በኋላ ያውጡት። ፍሪጅ ውስጥ ሁልጊዜ በክዳን ይሁን፤ ሳይከደን ከተቀመጠ የተቆረጠው ጎኑ ይደርቃል፣ ክሬሙም የሽንኩርት ሽታ ይስባል። በክዳን ከሆነ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል ካወቁ ክሬሙን ቀድመው አይቀቡት፤ ያልተቀባው ኬክ ተጠቅልሎ ውጭ አንድ ቀን ይችላል፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ 2 ወር ይቆያል። ከፍሪዘር ሲያወጡት መጠቅለያውን ሳይፈቱ ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ተፈቶ ከቀለጠ ላዩ ይጣበቃል፣ ክሬሙም አይይዝለትም።