«እኔ ጋ ይታያል» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ጎግል ሺትን ዌብሳይት ላይ ለምታስገቡ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች፤ እኔም ፒያሳ ቢሮዬ ገብቼ የመጀመሪያውን ስኒ ገና አልጨረስኩም። የኮምቦልቻው ደንበኛዬ፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው፣ ደወሉ።

«ልጄ፣ ዌብሳይቱ ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር ጠፋ እያሉኝ ነው። ሰው ሁሉ ‹ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል› እያለ ይደውላል። እኔ ጋ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«ሐጂ፣ አጠገብዎ ካለ ሰው ስልክ ይዋሱና በሱ ይክፈቱት» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና «ኧረ እዚህ ላይስ የለም!» አሉ።

እንዲህ ያለ ስልክ ስንቴ እንዳነሳሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ሚኒባስ ይዤ፣ ሐረጎን ቁልቁል ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልኩ ያንን 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወርጄ፣ በባለቤቱ ኮምፒውተር ከፍቼ «ይኸው ይሠራል እኮ!» ብዬ የተመለስኩበት ቀን አለ። በባለቤቱ ኮምፒውተርማ ለምን አይሠራ! የፋይሉ ባለቤት እኮ እሱ ነው።

ስለዚህ ጀማሪዎች ሆይ፣ «ፕለጊኑ (ዌብሳይቱ ላይ የሚጨመረው አጋዥ ፕሮግራም) ተበላሸ» ብላችሁ ሦስት ፕለጊን አውርዳችሁ ሦስቱንም ከማጥፋታችሁ በፊት ገጹን በኢንኮግኒቶ ክፈቱት። ጎግል በማያውቃችሁ መስኮት ማለት ነው። ከአሥር ጥሪ ስምንቱ እዚያው ላይ ይፈታል። ቁጥሩ የግምቴ ነው፣ ግን ያነሰ አይመስለኝም።

ምክንያቱን ላስረዳ። የጎግል ሺትን ሠንጠረዥ ዌብሳይት ላይ የሚያስገቡ ፕለጊኖች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የጎግልን ገጽ እንዳለ በፍሬም (በገጻችሁ ላይ ሌላ ገጽ በሚያሳይ መስኮት) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሠንጠረዡን የሚያመጣው የጎብኚው ብራውዘር ስለሆነ ወሳኙ የጎብኚው አካውንት ነው። ለዚህ ነው ባለቤቱ አይቶት ሌላው የማያየው። ሁለተኛው ዓይነት ላይ የእናንተ ሰርቨር (ዌብሳይታችሁ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ራሱ ጎግል ድረስ ሄዶ መረጃውን ያነብና ሠንጠረዥ አድርጎ ይሠራዋል። በሊንክ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ሰርቨሩ የጂሜይል አካውንት የለውም፤ ፋይሉ ለሁሉም ካልተከፈተ ባለቤቱም ጭምር ባዶ ቦታ ወይም የስህተት መልእክት ነው የሚያየው። እንግዲህ «ማን አየ፣ ማን አላየም» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የትኛው ዓይነት ችግር እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሼር ማድረግ (ፋይሉን ማን እንደሚከፍተው መወሰን) እና ፐብሊሽ ማድረግ (ለዌብሳይት የሚሆን መታያ ገጽ ማውጣት) አንድ አይደሉም። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስናገረው ነው! ከብራውዘሩ አናት ላይ የምትቀዱት፣ መጨረሻው ላይ «ኤዲት» የሚል ቃል ያለበት አድራሻ የሥራ ቦታችሁ በር ነው። ለፍሬም የሚሆነው ፋይል ከሚለው ዝርዝር ሼር፣ ቀጥሎ «ፐብሊሽ ቱ ዌብ» ብላችሁ፣ ኢምቤድ የሚለውን መርጣችሁ የምታገኙት ኮድ ነው፤ እሱ ውስጥ ያለው አድራሻ «ፐብኤችቲኤምኤል» የሚል ቃል አለበት። የኤዲቱን አድራሻ ፍሬም ውስጥ ከከተታችሁት፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ ጎግል መግቢያ ገጽ ይላካል፤ ያ ገጽ ደግሞ በሌላ ሰው ዌብሳይት ፍሬም ውስጥ አልታይም ይላል። የሰው የይለፍ ቃል የሚገባበት ገጽ ስለሆነ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተደረገው። ያ «ግንኙነቱን አልቀበልም» የሚለው ግራጫ ሳጥን የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከኔትወርክ አይደለም። ኔትወርኩን ስትረግሙ አትዋሉ፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለ።

ሁለቱ ለየብቻ ስለሆኑ ሼሩን ብትዘጉትም ፐብሊሽ ያደረጋችሁት መታየቱን ይቀጥላል። መዝጋት ስትፈልጉ ሁለቱንም ዝጉ።

«ታዲያ ለሁሉም ልክፈተው» ብላችሁ «ኤዲተር» (መቀየር የሚችል) ላይ አታድርጉት! ቪወር (ማየት ብቻ የሚችል) ይበቃል። አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት ለጥፎ፣ አንድ ብልህ ተማሪ 47 የነበረውን 74 አድርጎት ተገኝቷል። ልጁ የሁለት ጓደኞቹንም ውጤት ስላስተካከለ ነው የተያዘው።

የእኔን ደግሞ ልናዘዝ። አንድ ሱቅ የመግዣና የመሸጫ ዋጋን ጎን ለጎን የያዘ ሺት ነበረው። የመግዣውን ዓምድ «ሃይድ» ብዬ ደበቅኩና ገጹን ለቀቅኩት። ያ ፕለጊን ግን የሚያነበው መረጃውን እንጂ እኔ የደበቅኩትን እይታ አልነበረም፤ የመግዣው ዋጋ ከነመሸጫው ገጹ ላይ ተዘርግቶ ዋለ። ማታ አንድ ደንበኛ ለባለሱቁ «በዚህ ገዝተህ በዚህ ትሸጥልኛለህ?» ብሎ በስክሪንሾት ላከለት። ከዚያ ወዲህ መደበቅ የሚባል ነገር አላውቅም። የሚታየውን ለብቻው ሌላ ፋይል ላይ አደርጋለሁ፤ በኢምፖርትሬንጅ ፎርሙላ ከዋናው የምስበው ደንበኛ ማየት ያለበትን ዓምድ ብቻ ነው። ለማየት ብቻ የተከፈተ ፋይልም ቢሆን፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ ማንም ቅጂ ወስዶ የተደበቀውን ሊገልጠው ይችላል።

ቀን አጻጻፍ ሌላው ጣጣ ነው፤ ይሄ ደግሞ የውጭዎቹ መመሪያዎች ላይ አይገኝም። ደሴ ያለ አንድ ክሊኒክ የስፔሻሊስቶችን ተራ በሺት ይይዝ ነበር። ኅዳር 5ን 5/3/2018 ብለው ጻፉ፤ ሺቱ ወር በሚቀድምበት የአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ስለነበር ሜይ 3 አድርጎ ተረዳው። ኅዳር 20ን 20/3/2018 ሲሉት ግን 20ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሺቱ ላይ ራሱ ይታወቃል፦ ቀን ነው ብሎ የተቀበለው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ነው ያለው ወደ ግራ። ፕለጊኑ በቀን ሲደረድረው ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ሆነና በሽተኛ ባልተባለበት ቀን መጣ። አቀማመጡን ቀን ወደሚቀድምበት ወደ እንግሊዝ መቀየርም መፍትሔ አይደለም፤ ጥቅምት 30ን 30/2 ስትሉት ፌብሯሪ 30 የለውም፣ ጳጉሜንማ ከነጭራሹ አያውቃትም። ዓምዱን ከመጻፋችሁ በፊት «ፕሌን ቴክስት» (ተራ ጽሑፍ) አድርጉት፤ ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ዜሮውን ሳትዘሉ 2018/03/05 ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ከሆነ እንደ ጽሑፍም ቢደረደር ተራው አይዛባም።

በዚያው፣ የስልክ ቁጥር ዓምድንም ፕሌን ቴክስት አድርጉ፤ አለዚያ የመጀመሪያዋ 0 ትበላለች።

በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል የምታመጡልኝም አላችሁ። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ያለ አማርኛ የነበረው ዌብሳይት ላይ ሲወጣ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቪጂ ቱ ሜይን የመሳሰሉት ፎንቶች የግዕዝን ቅርፅ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሣሉ ናቸው፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቦታ የሚሰጠው የኮምፒውተር መለኪያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮው የቀጠለ ጸሐፊ ብዙ ነው። ሺቱም ሆነ ፕለጊኑ ሊያድናችሁ አይችልም፤ ወይ በመቀየሪያ ሶፍትዌር አሳልፉት፣ ወይ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት።

ሾርትኮድን (ፕለጊኑን ገጹ ላይ የምትጠሩበትን አጭር ኮድ) ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ቀድታችሁ ስትለጥፉ ቀጥ ያለው ጥቅስ ምልክት ጎባጣ ሆኖ ይመጣል፤ በእጃችሁ አጥፍታችሁ ጻፉት። ኤክሴል ፋይል ድራይቭ ላይ ስለጫናችሁት ብቻ ጎግል ሺት አይሆንም፤ ከፋይል ዝርዝር ውስጥ «ሴቭ አዝ ጎግል ሺትስ» በሉት። የተዋሃዱ ሴሎችንና ከላይ የምትደረድሩትን የድርጅት ስም አውጡ፤ አብዛኛው ፕለጊን የመጀመሪያውን ረድፍ ነው ርዕስ የሚያደርገው። የፍሬሙን ስፋት በፒክስል ሳይሆን 100 ፐርሰንት በሉት፤ የሚያያችሁ ሰው ስልክ ይዞ ነው። የፍሬም ኮዱን ለጥፋችሁ ሴቭ ስትሉ የሚጠፋባችሁ ደግሞ ወርድፕሬስ (ዌብሳይት መሥሪያው) ላይ «ኦተር» ማለትም ጸሐፊ ብቻ ተብላችሁ የገባችሁ ናችሁ፤ አድሚኑን ለምኑት።

«ዋጋ ቀየርኩ፣ ገጹ ላይ አልተቀየረም» ለሚለው፦ በመካከል ብዙ ካሽ (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የሚቀመጥ የቆየ ቅጂ) አለ። ፐብሊሽ የተደረገው ገጽ እስኪታደስ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ፕለጊኑ የራሱን ቅጂ ይይዛል፣ የካሽ ፕለጊን ካላችሁ ሙሉ ገጹን ይይዛል፣ ብራውዘሩም የድርሻውን። የሲሚንቶ ዋጋ ቀይረው ሠላሳ ጊዜ ሪፍሬሽ ሲያደርጉ የሚያረፍዱ ሰው አውቃለሁ። ያንን ገጽ ከካሽ ፕለጊኑ አስወጡት፤ የሠንጠረዡን ፕለጊን ግን ዜሮ ደቂቃ ላይ አታድርጉት፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ጎግል ድረስ ሲመላለስ ገጹ ይንቀራፈፋል።

ወደ ሐጂ ልመለስ። ገጹ እስከ ባለፈው ሳምንት ይሠራ ነበር፤ የእሳቸውም ስልክ በስም ፈቃድ ስላለው ነው የሚያየው። ታዲያ ማን ዘጋው?

«ሐጂ፣ ፋይሉ በማን ጂሜይል ነው የተከፈተው?»

«በዚያ ልጅ ነዋ፣ ሱቅ ይሠራ በነበረው። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ።»

«መቼ ሄደ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ልጁ ዕቃውን ሲሸክፍ ድራይቩንም አብሮ አጽድቷል፤ ለሁሉም ክፍት የነበረውን ሼር ዘግቶታል ማለት ነው። ባለቤትነቱን ለሐጂ ሊያስተላልፍ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ዝግ ነው። እስከዚያው ቅጂ አውጥቼ በሐጂ ጂሜይል ላይ አዲስ ሺት እየሠራሁ ነው።

«አብሽር፣ ይደውላል» ይሉኛል እሳቸው።