ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲወድቅ ተከትለህ አትግባ

የሽንት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው ድንገት ከተዝለፈለፈ፣ አንጀትህ ቢንሰፈሰፍም ተከትለኸው እንዳትወርድ። እሱን የጣለው አየር አንተንም ይጥልሃል። ሽታ የለም ብለህ አትዘናጋ፤ የፍሳሽ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ከውሃ መሳቢያ ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከነጭራሹ አይሸትም። እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር? ዋጋ የለውም። ሻማ አውርዶ አየሩን መሞከርማ ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ፍንዳታ መጥራት ነው። አዲስ አበባ ከሆንክ ቶሎ ለእሳትና አደጋ መከላከል በ939 ደውል፣ የተሰበሰበውንም ሰው ከጉድጓዱ አፍ አርቅ (ሁሌ አንድ ጀግና አይጠፋም)። ሲሆን ሲሆን ግን ሠራተኛው ገና ሳይወርድ የደህንነት ቀበቶና ገመድ ይታሰርለት፤ ላይ ገመዱን የያዙ ሰዎች ካሉ፣ ማንም ሳይገባ ጎትተው ያወጡታል።